በአሰብ የደፈንኳቸው ቀዳዳዎች

ባለፈው ዓመት ልጄ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣላትና ቤቱን ልታሳየን ሰብሰብ አድርጋ ወሰደችን። ዘመድ አዝማዱ ወለሉን ያደንቃል፤ አንዱ መስኮት ከፍቶ «አቤት አየር!» ይላል፤ ባለቤቴ ግድግዳውን እየዳበሰች በደስታ ታለቅሳለች። እኔ በቀጥታ ወጥ ቤት ገባሁና አንገቴን አንጋጥጬ ግድግዳ ለግድግዳ መፈለግ ያዝኩ።

«አባዬ፣ ምን ጠፍቶህ ነው?» አለች ልጄ።

«ጭሱ በየት ነው የሚወጣው?»

«የምን ጭስ? በኤሌክትሪክ እኮ ነው የማበስለው!»

«መብራት ሲጠፋስ?»

ሳቁብኝ። ይሳቁ። እኔ ግን ከመደርደሪያው ጀርባ የተደበቀችውን ማናፈሻ እስካገኝ፣ እጄንም ዘርግቼ አየር መሳቧን እስካረጋግጥ ድረስ መቀመጥ አልቻልኩም። የተቀዳልኝ ሻይ ቀዘቀዘ።

ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ሰው ቤት ስገባ ግን ጨዋታ ከመጀመሬ በፊት ዓይኔ ወደ ጣሪያ ይሄዳል፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሳይቀር። ባለቤቴ «ደግሞ ጀመረህ» ትለኛለች። ከጀመረኝ ምን ላድርግ? ልጆቼ ነገሩ ከየት እንደመጣብኝ አያውቁም። ስለ አሰብ ያወራኋቸው ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ዓሣውና ስለ በረሃ አበሉ ነው። ይህንን ግን አፍኜ ይዤው ኖርኩ። አሁን ልጻፈውና ይውጣልኝ፤ ዕድሜዬም እየሄደ ነው።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። እንጨት ሥራ ተምሬ ዲፕሎማ እንደያዝኩ አሰብ ተመደብኩ፤ ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ነዳጅ ሊቀዳ ወደ ወደቡ በሚወርድ ባዶ ቦቴ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ነው የሄድኩት። ባቲን አልፈን፣ ሚሌን አልፈን ስንወርድ ሾፌሩ በየኬላው «እስካሁን ያየኸው ገና ሙቀት አይደለም» እያለ ያስፈራራኝ ነበር። አልዋሸኝም። የመጀመሪያው ቀን መዶሻዬን ፀሐይ ላይ ረስቼው ኖሮ ላነሳው ስል መዳፌን ጠበሰኝ፤ ባልደረቦቼም ሳምንቱን ሙሉ ሳቁብኝ።

ሥራዬ የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤቶችን መጠገን ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ የሞቱትም ያሉትም ልጆች አሏቸው። ቤቶቹ ሁለት ዓይነት ነበሩ። በጣሊያን ጊዜ የተሠሩት ግድግዳቸው ወፍራም፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ ነው። ኋላ የመጡት ደግሞ በብሎኬትና በቆርቆሮ በጥድፊያ የቆሙ፣ ቀትር ላይ ሰው የማያስቀምጡ ናቸው። ለእነዚህ ለኋለኞቹ መስኮታቸው ላይ ኤርኮንዲሽነር ተሰካላቸው። ኤርኮንዲሽነሩ ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል፤ ቅዝቃዜው በበሩ ሥርና በኮርኒሱ ስንጥቅ ሹልክ ብሎ ይወጣል። በረሃውን ለማቀዝቀዝ ነበር የምንለፋው።

ሐጂ ዑመርን ያወቅኋቸው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። አባታቸው ከየመን የመጡ ጀልባ ሠሪ፣ እናታቸው አፋር፤ እሳቸው አሰብ ተወልደው፣ አናጺነትን በልጅነታቸው ጣሊያኖች ዘንድ የጀመሩ ሰው ናቸው። በወረቀት ረዳቴ ነበሩ፤ ዲፕሎማው እኔ ጋ ነዋ! በሦስተኛው ቀን ግን ማን የማን ረዳት እንደሆነ ገባኝ።

አንድ ቤት «ሙቀት ፈጀን» ብሎ ሲጠራን እኔ ሜትሬን መዝዤ መለካት እጀምራለሁ። ሐጂ «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ይገቡና ጫማቸውን ያወልቃሉ። ከዚያ አንድ ጣሳ ውሃ ይለምናሉ። ሴትየዋ የሚጠጡት መስሏት ስታቀርብላቸው፣ ደጃፉ ላይ እግራቸው ላይ ያፈሱትና ሳያደርቁት ገብተው መሬት ይቀመጣሉ። ዝም። አምስት ደቂቃ፣ አንዳንዴም ሩብ ሰዓት። ይነሱና ቦታ ቀይረው ደግሞ ዝም። ሽማግሌው ሥራ ጠልተው የሚያርፉ ነበር የመሰለኝ።

«ሐጂ፣ አሁን ምን እየሠራን ነው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«አንተ ምንም። እግሬ ግን እየሠራ ነው» አሉኝ። «እግርህ እርጥብ ሲሆን ትንሿም ንፋስ ትታወቅሃለች። አየሩ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ሳላውቅ እኔ ሚስማር አልመታም።»

እኔም ጫማዬን አውልቄ ሞከርኩት። በደረቅ እግሬ የማላውቃት አየር በበሩ ሥር ገብታ፣ ቁርጭምጭሚቴን ነክታ ወደ ወጥ ቤቱ ስትሄድ ተሰማችኝ። እዚያ ከጣሪያው ሥር፣ በውጩ ግድግዳ ላይ፣ ብዙ ቀዳዳ ያለው የሲሚንቶ ማናፈሻ አለ፤ በእሱ ትወጣለች። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ቤት እንደሚተነፍስ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ሌላው የሐጂ ልማድ ባልየውን አለመጠየቅ ነበር። «ቀኑን ቢሮ የሚውል ሰው ስለ ቤት ምን ያውቃል?» ይሉና ወደ ሴትየዋ ዞረው «እኅቴ፣ ቀትር ላይ ጋደም የምትዪው የት ነው?» ይላሉ። ሥራችን ከዚያች ቦታ ይጀምራል። ቆርቆሮውን ኖራ እንቀባለን። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል አየር የሚያልፍበት ክፍተት እንተዋለን። በምዕራብ በኩል ባለው መስኮት ፊት የአፋር ሴቶች የሠሩትን ሰሌን እንዘረጋና ከሰዓት በኋላ ውሃ እርጩበት እንላለን። ኤርኮንዲሽነሩ ዙሪያ ያለውን ክፍተት ከአሮጌ የመኪና ከመነዳሪ በቆረጥነው ጎማ እንጠቀጥቃለን። ሰው እንቅልፍ ወሰደኝ ብሎ ሲያመሰግነን ሐጂ እግራቸውን አድርቀው ይወጣሉ።

ሥራችንን የሚያፈርስብን ሙቀቱ አልነበረም፤ የእኛው የደገኞቹ የብርድ ፍራቻ ነው። በላብ ተጠምቆ «ዝጋው፣ ብርድ ይመታኛል» የሚል ሰው ሞልቶ ነበር። አሰብ ላይ ሆኖ! ከመንዝም፣ ከጎንደርም፣ ከአርሲም የመጣው ሁሉ ማናፈሻ ባየ ቁጥር ጨርቅ ይወትፍበታል። እኛ እንነቅላለን፣ እነሱ ይወትፋሉ። ሐጂ ይህ ነገር እስከ መጨረሻው አልገባቸውም። «ብርዱ የታለ? አሳዩኝና ልግዛው» ይሉ ነበር።

ከዚያ መመሪያው መጣ። ጄኔሬተሮቹ አርጅተዋል፣ መለዋወጫ የለም፣ መብራት በፈረቃ ሆኗል። የክፍላችን ኃላፊ ጓድ ክፍሌ ሰበሰቡንና ወረቀቱን አነበቡልን፤ ኃይል ለመቆጠብ በመኖሪያ ቤቶች ያሉ ቀዳዳዎች በሙሉ ይደፈናሉ ይላል። ቆጣሪው ከሁሉ ዝቅ ያለለት ሰፈር ባንዲራ ይሸለማል። የዘመቻው መሪ እኔ ሆንኩ። ስሜ በትልቁ ተጽፎ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ። በቀን ሁለት ጊዜ ምክንያት ፈልጌ በዚያ በኩል አልፍ ነበር።

ሥራውም ከንቱ አልነበረም። የበሩን ሥር፣ የመስኮቱን ጠርዝ፣ የኮርኒሱን ስንጥቅ ስንደፍን ኤርኮንዲሽነሩ ማረፍ ጀመረ፤ ቆጣሪውም ዝቅ አለ። እመቤቶቹ «ብርዱ ቀረልን» ብለው መረቁኝ። በመጨረሻ የቀረው የወጥ ቤቱ ማናፈሻ ነው።

«እሱን አትንካ» አሉ ሐጂ።

«ሐጂ፣ መመሪያው ‹በሙሉ› ነው የሚለው።»

«መመሪያው ከሰል አያነድም፤ ሰው ነው የሚያነደው። መብራት ሲጠፋ ሴቶቹ በምን ሊያበስሉ ነው?»

እውነታቸውን እንደሆነ ያን ጊዜም አውቄዋለሁ። ጓድ ክፍሌ ቢሮ ገባሁና ቆሜ «የወጥ ቤቱ ቢቀርስ ምን ይመስልዎታል?» አልኳቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም ጓድ ክፍሌ፤ እንደ እኔው ፈሪ ነበሩ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«አያሌው፣ ‹በሙሉ› የሚለውን ቃል አንተ ነህ የምታሻሽለው? የመጋዘኑ ሰውዬ ምን ተብሎ እንደሄደ ረሳኸው?»

አልረሳሁም። የኢኮኖሚ አሻጥረኛ ተብሎ ነው የሄደው፤ ሚስቱ ወደ እስር ቤት ስንቅ ይዛ ስትመላለስ በየሳምንቱ አያት ነበር። ደሴ እጮኛ አለችኝ፣ እናቴን የምጦረው እኔ ነኝ። «እሺ ጓድ» ብዬ ወጣሁ።

ሐጂ «እኔ መሰላሉን አልይዝልህም» አሉኝ። ስለዚህ ብቻዬን ሠራሁት። በውጭ በኩል ስስ የኮምፔንሳቶ ጣውላ በልኩ እየቆረጥኩ ማናፈሻው ላይ መታሁ፣ ጠርዙን በስቱኮ ሞላሁ፣ የግድግዳውን ቀለም ቀባሁት። ከውስጥ ላየው ሰው ማናፈሻው ከነቀዳዳው እንዳለ ነው። ከኋላው ግን ድፍን ነው፤ ምንም አያልፍም። ራሴን «ሴቶቹ እንደሆኑ ከሰሉን የሚያነዱት ግቢ ነው» እያልኩ አጽናናሁት። እውነትም አብዛኛውን ጊዜ ግቢ ነበር የሚያነዱት።

በዚያ ሰፈር መምህር ታደሰ የሚባል ጓደኛዬ ይኖር ነበር። ሚስቱ ወርቅነሽ በግንቦት መጨረሻ ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ የመጀመሪያ ልጃቸው ነው። ሊያርሷት እናቷ እማማ ትርንጎ ከመንዝ አዲስ አበባ ድረስ ወጥተው በአውሮፕላን መጡ። የመሥሪያ ቤቱን ፒክአፕ ይዤ አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ የተቀበልኳቸው እኔና ታደሰ ነን። ጋቢያቸውን ተከናንበው ወረዱ፤ ሙቀቱ ፊታቸውን ሲመታቸው «ኧረ የእሳት አገር! ልጄን እዚህ ነው ያመጣችኋት?» ብለው ሁለታችንንም ተቆጡን። ወዲያው ወደድኳቸው።

ቤት ገብተው ሕፃኑን ከሳሙ በኋላ፣ ገና ሳይቀመጡ፣ ዙሪያውን ቃኙ። ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው ማናፈሻውን አዩት።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው? አራስ የተኛችበት ቤት እንዲህ ወንፊት ሆኖ ይቀመጣል? በብርድ ልትገድሏት ነው?»

ከሻንጣቸው አሮጌ ቀሚስ አወጡና በርጩማ ላይ ቆመው ቀዳዳውን ሁሉ ጠቀጠቁት። እኔ ሻንጣቸውን እንደያዝኩ ቆሜ አያቸዋለሁ። ከኋላው ድፍን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢወትፉትም ባይወትፉትም ለውጥ የለውም። ደስ ይበላቸው ብዬ ዝም አልኩ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ከጠዋት ጀምሮ የአሸዋ ንፋስ ተነሳ፤ ሰው ፊቱን ሸፍኖ ነበር የሚሄደው። አምስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ታደሰ ትምህርት ቤት ፈተና ላይ ነው። እኔ ከቤት ቤት እየዞርኩ ቆጣሪ አነባለሁ። እነ ታደሰ ቤት ስደርስ አንኳኳሁ፤ መልስ የለም። አራስ ናት፣ ተኝታ ይሆናል ብዬ ልሄድ ዞርኩ። ከውስጥ አንድ ዕቃ ወደቀ። «እማማ!» ብዬ ተጣራሁ። ዝም። «እማማ ትርንጎ!» ዝም።

በሩ ለንፋሱ ተብሎ ከውስጥ ተቀርቅሯል። መስኮቱን ብገፋው አልነቃነቅ አለ፤ ጎማውን በሚስማር ያጠበቅሁት እኔ ነኛ! በመዶሻ በሩን መታሁት፣ መታሁት፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ሲከፈት የታመቀ ሙቀት ፊቴን መታኝ። እማማ ትርንጎ በወጥ ቤቱና በመኝታ ቤቱ መካከል ባለው በር ላይ በግንባራቸው ተደፍተዋል፤ አንድ እጃቸው ወደ ልጃቸው ተዘርግቷል። ወጥ ቤቱ ውስጥ የከሰል ምድጃው ፍም ሆኖ ቀልቷል፤ ላዩ ላይ ለአራሷ የተጣደ አጥሚት አለ። አሸዋው ግቢ አላስነድድ ብሏቸው ነው ያስገቡት። ልጃቸውን እያዩ ለማብሰል የመኝታ ቤቱን በር ከፍተውታል።

ጮህኩ። ጎረቤት ደረሰልኝ። ወርቅነሽ ግቢ ውስጥ አስመለሳትና ነፍሷን አወቀች። እማማ ሆስፒታል ከደረሱ በኋላ ነቁ። ሕፃኑን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በነጠላ ተጠቅልሎ ነበር፤ ፊቱ ቀይ ነው፣ የተኛ ነው የሚመስለው። እፍ አልኩበት፣ ጀርባውን አሸሁት፣ ስሙን እንዳልጠራው ገና ስም አልወጣለትም። አርባ ቀን ሳይሞላው፣ ክርስትና ሳይነሳ ቀረ።

በዚያው ከሰዓት ጓድ ክፍሌ አስጠሩኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ነገ አጣሪ ኮሚቴ ይመጣል» አሉኝ። ቆዩና «የውጩ ግድግዳ እንዴት ነው?» ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ሊሉኝ የፈለጉት ገባኝ።

ቤተሰቡ ሆስፒታልና ቀብር ላይ እያለ መሰላል ይዤ ሄድኩ። ኮምፔንሳቶውን ነቀልኩት። የሚስማሮቹን ቀዳዳ በስቱኮ ሞላሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ ቀለሙን ሁለት ጊዜ ቀባሁ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ የጠራ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። እጄ አንድም ጊዜ አልተንቀጠቀጠም፤ እስካሁን ራሴን የሚያስጠላኝ እሱ ነው።

በማግስቱ ሦስቱ የኮሚቴው ሰዎች መጡ። ከውስጥ የተወተፈውን ቀሚስ መዘው ሲያወጡት በቀዳዳው ብርሃን ገባ። አንደኛው ራሱን እየነቀነቀ «ኋላ ቀርነት ነው ልጁን የበላው» አለ። ወረቀቱ ላይም እንደዚያ ተጻፈ፤ አያቲቱ በወተፈችው ጨርቅ ምክንያት። የቴክኒክ ባለሙያ በሚለው መስመር ላይ እኔ ፈረምኩ። በሳምንቱ ውስጥ የሌሎቹን ቤቶች ማናፈሻ ሁሉ በጥገና ስም ከፈትናቸው፤ ይህንን እንኳ አድርገናል። ሰው ለምን እንደሆነ አልጠየቀም።

ለቅሶው ላይ ተቀመጥኩ፤ የት ልሂድ? እማማ ትርንጎ ከሆስፒታል ወጥተው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። «እኔ ነኝ። በእጄ ነው» ይላሉ፤ ደረታቸውን ይመታሉ። ሴቶቹ እያዩዋቸው ይንሾካሾካሉ። ወርቅነሽ እናቷን አልሰደበችም፣ አልጮኸችባቸውም። እናቷ ምግብ ይዘው ሲቀርቧት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እማማ ሳህኑን እንደያዙ ትንሽ ቆመው ይመለሳሉ። እኔ ይህንን እያየሁ እህል አልወርድ አለኝ። «ንገራቸው» ይለኛል ሆዴ፤ ወዲያው የመጋዘኑ ሰውዬ ሚስት ትታየኛለች። በር በተንኳኳ ቁጥር ሊወስዱኝ የመጡ ይመስለኛል። እውነቱን ብናገርም እወሰዳለሁ፣ ብደብቅም አንድ ቀን ይታወቃል እያልኩ ስብሰለሰል ሰነበትኩ።

ሐጂ ዑመር ኮሚቴው እንደወጣ መጥተው ግድግዳውን በጣታቸው ነካ አድርገውት ነበር። ጣታቸውን አይተው «ቀለሙ ገና አልደረቀም» አሉና ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ሰላም እያሉ እኔን ያልፉኛል። በአምስተኛው ቀን አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«ሴትዮዋ ነገ ወደ አገሯ ትመለሳለች። ለምን እንደምትሄድ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ሕፃኑን አላህ ወሰደው። እሷን ግን ከልጇ የለየሃት አንተ ነህ።»

«ሐጂ፣ ከተናገርኩ ያስሩኛል!»

«ያስሩህ ይሆናል» አሉ። አላባበሉኝም፤ ተነስተው ሄዱ።

ጠዋት ታደሰ መጣና «ወርቅነሽን ብቻዋን ጥያት መሄድ አልቻልኩም፤ እማማን አንተ ታደርስልኛለህ?» አለኝ። የሚያምነው ሰው እኔ ነበርኩ። እማማ ጋቢና ገብተው ከጎኔ ተቀመጡ። ልጃቸው እስከ ደጅ አልሸኘቻቸውም። መንገዱ አጭር ነው፤ ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሦስት ጊዜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ጉንፋን ይዞሃል ልጄ?» አሉኝ። መሪውን ይዤ ማልቀስ ነበር የቀረኝ።

አውሮፕላን ማረፊያው ጥላ ሥር አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳቸው። ቲኬታቸውን አሳየሁ፣ ሻንጣቸውን አስጠጋሁ። ሌላ የሚሠራ ነገር አጣሁ።

«እግዚአብሔር ይስጥህ» አሉኝ። «ከዚያ ቤት ያወጣኸኝም አንተ ነህ። ለእኔስ ባታወጣኝ ይሻለኝ ነበር።»

«እማማ» አልኩ። «ያ ቀዳዳ አንቱ ሳይመጡ በፊት ተደፍኖ ነበር።»

ወደ እኔ ዞሩ።

«በውጭ በኩል በእንጨት ደፍኜው ነበር። እኔ ነኝ። ቀሚስዎን ባይወትፉትም ጭሱ መውጫ አልነበረውም። ከዚያ ኮሚቴው ሳይመጣ ነቀልኩት።»

«ስወትፍ ሻንጣዬን ይዘህ ቆመህ ታየኝ ነበር እኮ» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ።»

«ድፍን መሆኑን ታውቅ ነበር?»

«አዎ እማማ።»

«ለሰዎቹስ ለምን አልተናገርክም?»

«ፈራሁ።»

ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። በጥፊ ቢመቱኝም እወድ ነበር። አልረገሙኝም። ተነሱ፣ ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ሻንጣቸውን አንስተው እጄ ላይ አደረጉት።

«መልሰኝ።»

«እማማ፣ አውሮፕላኑ አሁን ይነሳል።»

«ይነሳ። ልጄ ጋ መልሰኝ። አሁን የነገርከኝን ለእሷ ትነግራታለህ። እኔ ብነግራት ራሴን ላድን የፈጠርኩት ነው የሚመስላት።»

ኋላ የደረሰብኝን እዚሁ ልናገርና ልጨርስ። እውነቱን ጽፌ ለጓድ ክፍሌ ሰጠሁ፤ እሳቸውም ለራሳቸው ስለፈሩ ወረቀቱ ሩቅ አልሄደም። ከደረጃዬ ዝቅ ተደርጌ በቀይ ባሕር ዳርቻ ወዳለችው ጥዖ፣ ከዚያም ወደ ዒድ ተላክሁ፤ የዓሣ ማቀዝቀዣ ክፍሎችን በር ስጠግን ዓመታት አለፉ። አልታሰርኩም። ያን ያህል የፈራሁት ነገር አልመጣም፤ ሰው ይህንን ሲሰማ «እንኳን» ይለኛል፣ እኔን ግን ያሳፍረኛል። ሐጂ በመርከበኛ እጅ ሰላምታ ይልኩልኝ ነበር።

ያን ቀን ቤቱ ስንደርስ ወርቅነሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። እናቷን ስታይ እንደ ልማዷ ፊቷን አዞረች። ታደሰ «አውሮፕላኑ ቀረ እንዴ?» አለኝ። ቁጭ በል ያለኝ የለም፤ ቆሜ ተናገርኩ። መሃሉ ላይ ድምፄ ጠፋብኝና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ስለ መመሪያው፣ ስለ እንጨቱ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ፊርማዬ። ታደሰ ዘሎ አንገትጌዬን ያዘኝ። አልታገልኩትም።

«ተወው ታደሰ» አሉ እማማ ትርንጎ። «ይጨርስ።»

ጨረስኩ። ታደሰ እጁ አንገትጌዬ ላይ እንዳለ ያለቅስ ነበር። ወርቅነሽ እኔን አላየችኝም፤ ከዚያ ቀን በኋላም አይታኝ አታውቅም። ፊቷን ከግድግዳው ላይ ቀስ ብላ መለሰችና እናቷን አየቻቸው። በሩ አጠገብ እንደቆሙ ናቸው፤ በሳምንት ውስጥ ከስተው ጋቢው ሰፍቷቸዋል።

«እማዬ» አለች፤ «እህል ከቀመስሽ ስንት ቀንሽ ነው?»